ዘመኑ ሲከብድ ለሰፈር ምን ፊልም ይታይ? የሚያስለቅስ ወይስ የሚያስቅ?

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ብሎካችን ባለው ኮሙናል (የጋራ አዳራሽ)፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ፊልም ልናሳይ ነው። ከዚህ ተነስቶ ፒያሳ ወይም ቦሌ ሲኒማ መግባት የታክሲው ደርሶ መልስ ሲደመርበት ለአንድ ቤተሰብ የሚታሰብ አልሆነም።

ያለን ዕቃ ይሄ ነው፦ ከዕድር የምንዋሳቸው 60 የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ካርቶኑ ላይ 2500 ሉመን (የብርሃን መጠን ነው) የሚል ፕሮጀክተር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ ላፕቶፕና ሁለት ስፒከር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረን 3 ሰዓት ላይ መዝጋት አለብን፤ ከዚያ በኋላ ራቅ ካለ ብሎክና ከገላን በኩል የሚመጡት ባጃጅ አያገኙም።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ሰው ቀኑን ሙሉ ኑሮ ሲያስለቅሰው ውሎ ማታ ደግሞ እኛ እንጨምርለት? ኮሜዲ ብቻ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ሥራ ያጣ ሰው ፊት ቀልድ መደርደር ንቀት ነው፣ ኑሮውን የሚመስል ነገር ይይ» ባይ ነው። ተመልካቹ ድብልቅ ነው፤ እናቶች፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች፣ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅለው ዘመድ ጋ የተጠጉ፣ ልጆችም አሉ። የታሰቡት ፊልሞች፦ ጤዛ፣ ድፍረት፣ ላምብ፣ የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች»፣ የቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜ»፣ ሌላው የአገር ውስጥ ሮማንቲክ ኮሜዲ። የቱን ታስቀድማላችሁ? ለምን?

---

ባለሪሉ

ኮሚቴያችሁ የተጣላው በተሳሳተ ጥያቄ ላይ ነው። ፊልም ሲመረጥ «ያሳዝናል ወይስ ያስቃል» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው፦ ታሪኩ ከተመልካቹ ቁስል ምን ያህል ይርቃል፣ ባለታሪኩ አንዳች ነገር ያደርጋል ወይስ ዝም ብሎ ይደረግበታል፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሰውን የት ጥሎት ይሄዳል።

ድፍረትን ውሰዱ። 99 ደቂቃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፣ ነፃ የሕግ አገልግሎት የምትሰጥ ጠበቃ ጉዳዩን ትይዛለች። ርዕሱን ብቻ የሰማ «ከባድ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ግን ጨለማው ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ዳገት ይወጣል፤ ክርክር፣ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻ ራስን የመከላከል መብት ተቀባይነት ያገኛል። ሰው የሚወጣው ቀና ብሎ ነው። ከባዱን ፊት ላይ ጨርሶ የሚሄድ ፊልም ለሰፈር ይመቻል።

የብስክሌት ሌቦች ደግሞ በተቃራኒው ነው። የ1948 ፊልም፣ 89 ደቂቃ። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ሥራ አጥ የነበረ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ግን ግዴታ ነው። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቹን አስይዛ ብስክሌቱን ከተያዘበት ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። እስከ መጨረሻው ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ መጨረሻ ላይ አባትየው ራሱ ብስክሌት ሊሰርቅ ሞክሮ ልጁ እያየው ይያዛል። ባለቤቱ ለልጁ አዝኖ ይተወዋል። አባት እያለቀሰ ሲሄድ ትንሹ ልጅ እጁን ይይዘዋል፣ ሰው መሀል ገብተው ይጠፋሉ። ብስክሌቱም ሥራውም አልተገኘም። ያም ሆኖ ያ የእጅ አያያዝ ስላለ ተመልካች ባዶ እጁን አይወጣም። ሞተሩ ወይም ባጃጁ የቤቱ ሁሉ እንጀራ ለሆነበት ሰፈር ደግሞ አንድም የሚብራራ ነገር የለውም።

ላምብ የሚባለው 94 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱን ያጣ ልጅ፣ ድርቅ፣ አባት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባና ልጁን ዘመድ ጋ ይተወዋል። ጉዳዩ ከባድ፣ አያያዙ ለስላሳ። ልጁ ዝም ብሎ አያለቅስም፤ አብሮት የመጣውን በግ ከመታረድ ለማዳን ሳምቡሳ እየጠበሰ ይሸጣል፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ያጠራቅማል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሙሉ ነጥብ አለው።

ጤዛን ለጊዜው አቆዩት። ታላቅነቱ አያከራክርም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል፣ በ2009 ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን። ግን 140 ደቂቃ ነው፤ 1 ሰዓት ከጀመራችሁ 3፡20 ነው የሚያልቀው። ታሪኩ ወደፊትም ወደ ኋላም ስለሚመላለስ ዘግይቶ የገባ ሰው ይጠፋበታል። በዚያ ላይ ወጣቶች ለጦርነት ሲታፈሱና ዋሻ ሲደበቁ የሚያሳይ ክፍል አለው። ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች አሉ ብለሃል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያ ላይ ጠይቀው።

---

ሳቅ_ይቅደም

ወይ ጉድ! ሽንኩርት ስንት ገባ እያለ የሚውል ሰው ቅዳሜ ማታ አባት ሲያለቅስ ይይ?

ይሄ ክርክር ራሱ ፊልም ሆኖ ተሠርቶለታል እኮ። በ1941 የተሠራው «የሱሊቫን ጉዞዎች» ውስጥ ኮሜዲ የሰለቸው ዳይሬክተር ስለ ድሆች ስቃይ ቁም ነገር ያለው ፊልም ልሥራ ብሎ ይወጣል። መጨረሻው እስር ቤት ከባድ ሥራ ላይ ይሆናል። እስረኞቹን ቤተክርስቲያን ወስደው የዲዝኒ ካርቱን ሲያሳዩአቸው ሁሉም በሳቅ ሲፈርሱ ያያል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከዚያ ተመልሶ «ኮሜዲ ነው የምሠራው» ይላል። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

---

ባለሪሉ

@ሳቅ_ይቅደም ጥሩ አመጣህ፤ ግን ያንን ያሳመነህ ፊልም እስር፣ ሰንሰለትና ግርፋት አሳይቶ ነው ሳቁ ጋ ያደረሰህ። ስቃዩን ቆርጠህ ካርቱኑን ብቻ ብታሳይ ያ ሳቅ ያን ያህል አይከብድም ነበር።

«ዘመናዊ ጊዜ»ም እንደዚያው ነው። 1936፣ 87 ደቂቃ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት የተሠራ። ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ አእምሮው የሚታወክ ሠራተኛ፣ ሥራ ማጣት፣ ረሃብ፣ እስር፣ ወላጅ ያጣች ልጅ ዳቦ ስትሰርቅ። ይሄን በወረቀት ብትጽፈው ከዝርዝሩ ሁሉ ጨለማው እሱ ነው። ሰፈሩ ግን በሳቅ ይሞታል፤ የምሳ ማብያው ማሽን ሲበላሽ የማይስቅ ሰው ካለ ትኩሳቱን ለኩት። እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያው ቅዳሜ የሱ ነው።

---

የጎረቤት_ልጅ

ኮሜዲ ሁሉ አያጽናናም፤ ይሄንን ኮሚቴው ልብ ቢለው። የአገር ውስጥ ኮሜዲ ስትመርጡ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ቁጠሩ። በጣም ብዙዎቹ የሚያስቁት ከገጠር በመጣ ሰው አነጋገር፣ በቤት ሠራተኛ፣ በጥበቃ ነው። ቦሌ ሲኒማ ውስጥ ያ ቀልድ ያልፍ ይሆናል። ቱሉ ዲምቱ ኮሙናል ውስጥ ግን ያቺ ሠራተኛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ እያየ ነው። እነሱ ዝም ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ይቀዘቅዛል፤ አዘጋጁ ደግሞ «ፊልሙ አልያዘላቸውም» ብሎ ይደመድማል።

ሌላው «ከሞከርክ ይሳካልሃል» የሚሉት ናቸው። ሰውዬው ቤት ያጣል፣ ልጁን ይዞ ሽንት ቤት ውስጥ ያድራል፣ መጨረሻ ላይ ተቀጥሮ ሀብታም ይሆናል። ለተማሪ ጥሩ ነው። ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት ቤት ለተቀመጠ ልጅ ግን የሚደርሰው መልእክት «አንተ ስላልጣርክ ነው» የሚል ነው። «ተስፋ ይሰጣል» የተባለ ፊልም ከነአካቴው አንገት ሊያስደፋ ይችላል። ሳይታይ አይመረጥም፤ ፖስተርና ማስታወቂያ አይታመንም።

---

ሳቅ_ይቅደም

@የጎረቤት_ልጅ በዚህኛው ተረታሁ ባይባልም አሰብኩበት። ታዲያ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ማየት የማን ጊዜ ነው?

---

የጎረቤት_ልጅ

ሁሉንም አይደለም። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃና የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ሳትዘል እይ። መሀሉን በየ10 ደቂቃው ሁለት ሁለት ደቂቃ። የታወቀ ከባድ ትዕይንት ካለ ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፍ፤ «ከ0፡18 እስከ 0፡24 ድብደባ» ዓይነት። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከተቻለ ሁለት ሰው ይየው፣ አንዷ እናት ብትሆን ይመረጣል፤ ወጣት ወንድ የማያስተውለውን ታያለች።

---

ማኅበራዊ_ሠራተኛ_ሀ

ስለ «ቁስል ቅርበት» ልጨምር፤ እዚህ ጋ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው።

ያጋጠመው ሐዘን ወይም አደጋ ገና ትኩስ የሆነ ሰው ያንኑ የሚመስል ነገር በትልቅ ምስልና በከፍተኛ ድምፅ ሲያይ «አልቅሶ ይወጣለታል» ተብሎ አይታሰብ። ማልቀስ አንድ ነገር ነው፤ ልብ ምቱ የሚፈጥን፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዛሬም እዚያው ያለ የሚመስለው ሰው ግን እያለቀሰ አይደለም፣ እየተመለሰበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ምስሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፦ ተኩስ፣ የሴት ጩኸት፣ ሄሊኮፕተር። ስለዚህ ፊልሙን ስትፈትሹ አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት።

በተግባር ሲሆን፣ ማስታወቂያው ላይ ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ድፍረት። 99 ደቂቃ። መጀመሪያው ላይ ጠለፋና ጥቃት አለ፤ መጨረሻው ፍትሕ ነው። ከ15 ዓመት በታች አይገባም። መሀል ላይ መውጣት ይቻላል።» መጨረሻውን ብትናገሩ ፊልሙ አይበላሽም። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ከባዱን ክፍል ይችለዋል።

መብራት ሙሉ በሙሉ አይጥፋ፤ በሩ አካባቢ ደብዘዝ ያለ አምፖል ይብራ። የረድፎቹ ዳር ወንበር ለመውጣት ክፍት ይሁን፤ ሰው ጉልበት እየረገጠ ከሚወጣ ተሰቃይቶ መቀመጥን ይመርጣል። የወጣ ሰው ካለ አምስት ሰው አይከተለው፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ውኃ ይዞ ይሂድ፣ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ካልፈለገ አያናግረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ዋናው ነገር ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ነው፤ ሰውን የደረሰበትን እንዲናገር አለመገፋፋት አብሮ ተጽፏል።

ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ ውይይት ካላችሁ «እስቲ የደረሰባችሁን ንገሩን» ተብሎ መድረክ አይከፈት። ጥያቄው ስለ ባለታሪኩ ይሁን፦ «ልጁ እጁን ባይይዘው ኖሮ አባትየው ምን ያደርግ ነበር?» ሰው በሰው ታሪክ ውስጥ ገብቶ የራሱን የፈለገውን ያህል ይናገራል። እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ድንጋጤው ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀበት ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ እሱ የፊልም ጉዳይ አይደለም።

---

ቡና_ጠጪ

ቡና ካለ ውይይት አይጠፋም። አቦሉ ላይ ሰው ዝም ይላል፣ ቶናው ላይ «ያቺ ሚስትየው ግን...» ይጀመራል፣ በረካው ላይ መሳቅ ይመጣል። ከከባድ ፊልም በኋላ ሰውን በቀጥታ ወደ ጨለማው አትልቀቁት። ከሰሉ ግን ውጭ ይቀጣጠል፤ መስኮት ዘግታችሁ 60 ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ከሰል አታስገቡ።

---

አንባቢ_ነኝ

በጥናት በኩል ሁለቱም ወገን የሚይዘው አለው። ዶልፍ ዚልማን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው ሐሳብ ሰው ስሜቱን ለማስተካከል ነው መዝናኛ የሚመርጠው ይላል፤ የተጨነቀ ቀለል ያለውን፣ የሰለቸው የሚያነቃቃውን። ይሄ ለ @ሳቅ_ይቅደም።

በሌላ በኩል እነ ሮቢን ደንባር ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። በቡድን ሆነው ከባድ አሳዛኝ ፊልም ያዩ ሰዎች በአማካይ ሕመም የመቋቋም አቅማቸው ጨመረ፤ አብረዋቸው ካዩት ሰዎች ጋርም የበለጠ ቅርበት ተሰማቸው። ቀለል ያለ ዘጋቢ ፊልም ያዩት ላይ ይሄ አልታየም። ሕመሙን የለኩት ጀርባን ግድግዳ ላይ ተደግፎ በአየር ላይ በመቀመጥ ነው፤ ጭን ሲያቃጥል እስኪነሱ።

በኮቪድም ጊዜ ስለ ወረርሽኝ የሚያወራው የ2011 ፊልም «ኮንቴጅን» በ2020 መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ በብዛት ታይቷል። ሰው ከፍርሃቱ መሸሽ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ አንዳንዴ ከነመጨረሻው ማየት ይፈልጋል።

---

ማኅበራዊ_ሠራተኛ_ሀ

@አንባቢ_ነኝ ጥሩ ነው፤ ግን «በአማካይ» የምትለዋን ቃል አስምርባት። በፊልሙ ያልተነካው ሰው ያ ለውጥ አልታየበትም። ፈቅደው ለጥናት የመጡ ሰዎችም ናቸው፤ ትናንት ቤቱ የፈረሰበት ሰው እዚያ አልተቀመጠም። ከጥናቱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ለውጡ የታየው አብረው ባዩት ሰዎች ላይ ነው። ብቻውን ሌሊት በስልክ የሚያየው ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ፕሮጀክተር_ጠጋኝ

ሁላችሁም ስሜቱን አወራችሁ፤ ስለ መብራት አንድ ሰው አላነሳም። ከባድ ፊልም ቴክኒኩ ሲበላሽ ከኮሜዲ በላይ ይበላሻል፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

መጀመሪያ ጨለማው። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አያወጣም፤ ግድግዳችሁ ላይ «ጥቁር» የሚባለው ብርሃን ያልወደቀበት ቦታ ነው። ከኮሪደር ወይም ከመስኮት ብርሃን ከገባ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። አሳዛኝ ፊልሞች ብዙዎቹ በደብዛዛ ብርሃን፣ በሌሊትና በጎጆ ውስጥ የተቀረጹ ናቸው፤ ፊት ካልታየ ሐዘኑ የለም፣ ሰው ወሬ ይጀምራል። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ። ምስሉን አሳንሱ፤ 3 ሜትር ስፋት የነበረውን 2 ሜትር ብታደርጉት ብርሃኑ ከእጥፍ በላይ ይጠናከራል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሉመን «አንሲ» (የአሜሪካ የደረጃ መለኪያ) የሚል ካልተጨመረበት ደግሞ አትመኑት፤ ትክክለኛው በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ እዚህ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት አለፍ ብሎ እስከ 12፡50 ገደማ ትጠልቃለች፤ 1 ሰዓት መጀመራችሁ ልክ ነው።

ሁለተኛ መብራት መጥፋት። ኮሜዲ መሀሉ ላይ ቢቋረጥ ሰው ስቆ ይሄዳል። የብስክሌት ሌቦች አባትየው በተያዘበት ደቂቃ ላይ መብራት ቢጠፋ ግን ሰፈሩ ውርደቱን ብቻ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እጅ መያዙን አላየም። ስለዚህ ለከባድ ፊልም ባትሪ ግዴታ ነው። ስሌቱ፦ 12 ቮልት 100 አምፒር-አወር ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ነው። የመኪና ወይም ሌላ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርዱት፤ 600 ቀረ። ፕሮጀክተር 250 ዋት፣ ላፕቶፕ 60፣ ስፒከር 60፣ ድምሩ 370። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) የሚበላውን ስትጨምሩ ወደ 435። 600 ለ435 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። በፕሮጀክተሩ ምትክ 120 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ብታደርጉ ከ2 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ኢንቨርተሩን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አያይዛችሁ ሞክሩት። ጄኔሬተር ከሆነ ከሕንጻው ጀርባ ይሁን፤ ጭሱም ድምፁም። ባትሪም ካለቀ ሰውን ዝም ብላችሁ አትበትኑ፤ ፊልሙን ያየው ሰው ተነስቶ ቀሪውን በአፉ ይተርክላቸው።

ሦስተኛ ቆርቆሮው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲመታ ንግግር ያለው ፊልም አለቀ፤ ድምፅ ብትጨምሩ ስፒከሩ ይሰነጠቃል እንጂ ቃሉ አይለይም። ለክረምት ሁልጊዜ መጠባበቂያ ያዙ፦ ወይ «ዘመናዊ ጊዜ»ን የመሰለ በእንቅስቃሴና በሙዚቃ የሚሄድ፣ ወይ ግርጌው ላይ አማርኛ የተጻፈበት። የቻፕሊኑ በመሀል የሚመጡ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አሉት፤ አንድ ድምፀ ሰፊ ሰው ፊት ረድፍ ላይ አስቀምጣችሁ በአማርኛ ያንብብ። ልጆች ይወዱታል።

---

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ

@ፕሮጀክተር_ጠጋኝ እግዜር ይስጥልኝ። የጣሊያኑን የግርጌ ጽሑፍ ራሳችን ወደ አማርኛ መልሰናል፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ባዶ ሣጥን ሣጥን ይሆናል። ምንድነው?

---

ፕሮጀክተር_ጠጋኝ

ሁለት ምክንያት አለው። ፋይሉ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 (የፊደላት አቀማመጥ ዓይነት) ካልተደረገ ጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ በኖትፓድ ክፈትና «ሴቭ አዝ» ላይ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገህ አስቀምጥ። ሣጥን የሚወጣው ግን ፎንቱ ግዕዝ ስለሌለው ነው። ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻው) ውስጥ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ሰብታይትል፤ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርግ። የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎችን እየነካህ ታስተካክላለህ። ቴሌቪዥኑ በራሱ ከፍላሽ የሚያጫውት ከሆነ አብዛኛው ግዕዝ አያወጣም፤ ያኔ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትመው።

አረፍተ ነገሩንም አሳጥሩ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፣ አንዱ መስመር ከ30 ፊደል ብዙ አይለፍ፣ አጭሩም ቢሆን 2 ሰከንድ ይቆይ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ጽሑፍ ሲያሳድድ የሰውን ፊት ሳያይ ፊልሙ ያልፋል።

---

የህንድ_ዘመን

ልጆች፣ እናቶቻችሁን አትናቁ። እኛ በህንድ ፊልም አልቅሰን ነው ያደግነው። የ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» መጨረሻው እናት የገዛ ልጇን መተኮሷ ነው፤ ከዚህ በላይ ጨለማ ከየት ይመጣል? ሰው የሚችለው ዘፈን ስላለው ነው። ሐዘኑ ሲጠብቅ ዘፈን ይገባል፣ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ፣ እንደገና ይጠብቃል። ርዝመቱ 172 ደቂቃ ስለሆነ ለእናንተ ሰዓት አይሆንም እንጂ ሳያቋርጥ ከሚያስጨንቅ አጭር ፊልም ይልቅ እሱ ይቀላል። ፊልም ስትመርጡ መተንፈሻው የት የት እንዳለ እዩ።

---

ባለሪሉ

@የህንድ_ዘመን እርስዎ ያሉት በሙያው ትልቅ ነጥብ ነው። እኔ ስለ ልጆች አንድ ልጨምር፦ ካርቱን የሆነ ሁሉ የልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1988 ጃፓን ውስጥ ሁለት አኒሜሽኖች በአንድ ቲኬት አብረው ወጡ፤ አንዱ «ጎረቤቴ ቶቶሮ»፣ ሌላው «የእሳት ዝንቦች መቃብር»። የመጀመሪያው ለትንሽ ልጅ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ጦርነት ውስጥ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ ሲያልቁ የሚያሳይ ነው፤ ገና ሲጀመር ልጁ እንደሞተ ይነገራል። ፍላሽ ላይ ጎን ለጎን «አኒሜ» ተብለው ሲገኙ ልጅ ሰብስቦ ሁለተኛውን የሚያጫውት አይጠፋም። በአንድ ማታ ሁለት ነገር የምታሳዩ ከሆነም ከባዱ ይቅደም፣ ቀላሉ ይከተል፤ ሰው ቤቱ ይዞ የሚገባው የመጨረሻውን ነው።

---

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ

ኮሚቴው በዚህ ተስማምቷል፦ 1ኛ ቅዳሜ «ዘመናዊ ጊዜ»። 2ኛ ላምብ። 3ኛ የብስክሌት ሌቦች፣ ከሱ በኋላ የቻፕሊን አጭሩ «ስደተኛው»። 4ኛ የተመረመረ የአገር ውስጥ ኮሜዲ። ድፍረት 5ኛ፣ ከማስታወቂያው ጋር። ጤዛ ለብቻው እሁድ ከሰዓት፣ በቴሌቪዥን፣ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው። ኮሜዲውን የምትመርጥ አንዲት እናትና አንድ ጥበቃ ኮሚቴው ውስጥ አስገብተናል።

---

ቡና_ጠጪ

3ኛው ላይ ሰዓት ቁጠሩ። 89 ደቂቃ ሲደመር ሃያ ምናምን ደቂቃ፣ ሰው እስኪቀመጥ ሲጨመር 3 ሰዓት ሞላ። ቡናውስ? አጭሩን ጣሉት፣ ቡናውን አስቀሩ። ቡናው እየተቆላ ፊልሙ ያልቃል።

---

ሳቅ_ይቅደም

ቻፕሊን ተጥሎ ቡና? እሺ፤ 1ኛው ቅዳሜ የኔ ስለሆነ አልከራከርም።

---

የጎረቤት_ልጅ

ሦስት ትንንሽ ነገር። ብሎኩ ውስጥ ለቅሶ ካለ ፊልሙ ይተላለፍ፤ ድንኳን አጠገብ የ60 ሰው ሳቅ አይሰማም፣ ደግሞስ ወንበሩ የዕድር አይደል፣ እዚያ ነው የሚሄደው። በረመዳን 1 ሰዓት ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ከኢፍጣር ወደ ተራዊህ የሚያልፉበት ነው፤ ወይ ወደ እሁድ ከሰዓት አዙሩት። በሁዳዴም የፍቅር ኮሜዲ ብታሳዩ ግማሹ ሰው አይመጣም፤ ላምብ ግን ይሄዳል። የአገር ውስጥ ፊልም ደግሞ በነፃም ቢሆን ለሕዝብ ሲታይ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፕሮዲውሰሩን በስልክ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

---

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ

ተመዝግቧል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጤዛን ወደ ፍላሽ ስገለብጥ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል፤ ፍላሹ 32 ጊጋ ባዶ ነው።

---

ፕሮጀክተር_ጠጋኝ

የፍላሹ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት ዘዴ) ፋት32 የሚባለው ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠህ ፎርማት አድርገው። ኤክስፋት የሚባለውን ፎርማት ላፕቶፕ ያነበዋል፣ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ግን ላያነበው ስለሚችል መጀመሪያ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ሞክር። ሁለቱንም እምቢ ካለ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝና ከላፕቶፑ አጫውት። ገመዱ 5 ሜትር ይሁን፣ ሰው እንዳያደናቅፈው ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፈው።